ስለ ጣት አሻራ መቀበያ መሣሪያ፤ ከሩቅ በሚከፈት ኮምፒዩተር ሲሠራበት

ለጋሞ ዞንና ለአርባ ምንጭ አካባቢ የወረዳ የግብርና ሹማምንት የተዘጋጀ ማብራሪያ

ፊርማውን መጻፍ የማይችል ገበሬ በውሉና በደረሰኙ ላይ አውራ ጣቱን በቀለም አጥቅሶ ማሳረፉ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የታወቀ ልማድ ነው። ሕጉም ልማዱን ተቀብሎታል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መፈረም የማይችል ሰው በፊርማው ፋንታ የጣት ምልክት እንዲያደርግ ፈቅዷል። ነገር ግን የማያነብ ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ያደረገው ምልክት የሚያስገድደው፥ ውል አዋዋይ ወይም ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ብቻ እንደ ሆነ ደንግጓል። ከዚህ የሚታየው የሕጉ አሳብ፥ ጣቱ ሲያርፍ በዐይኑ ያየ፥ በኀላፊነትም የሚመሰክር ሰው በቦታው መገኘት አለበት የሚል ነው።

አሁን በቀለሙ ፋንታ ጣትን የሚያነብ መሣሪያ በየመሥሪያ ቤቱ ገብቷል። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ዩ ኤስ ቢ በሚባለው ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ ገበሬው ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ሲያሳርፍ ማንነቱን ከመዝገብ ጋር ለማመሳከር ያገለግላል። ኮምፒዩተሩና መዝገቡ በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ጊዜ ሥራው ቀላል ነው። ችግሩ የሚነሣው መዝገቡ በሩቅ ከተማ ሲቀመጥና የወረዳው ጸሐፊ በሪሞት ዴስክቶፕ አማካይነት ከሩቅ ሲከፍተው ነው።

እንዲህ ያለውን ቀን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯን በስሟ ለማዛወር ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች እንበል። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ለእግረኛ ቀላል አይደለም። ከቢሮ ደርሳ ጣቷን በመሣሪያው ላይ ታሳርፋለች፤ የመሣሪያው መብራት ይበራል፤ በጸሐፊው ፊት ያለው ገበታ ግን «መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። ጸሐፊው ገመዱን ነቅሎ ይመልሳል፤ ገበታው ያንኑ ይደግማል። በመጨረሻም ለሴትዮዋ «ጣትሽ አልታይ አለ፤ በሌላ ቀን ተመለሺ» ይባላል። ጣቷ ግን ምንም አልጐደለውም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። የተበላሸው በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል ያለው አሠራር ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እርሷ ናት።

ነገሩን ለመረዳት ሪሞት ዴስክቶፕ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ አሠራር ከማይክሮሶፍት ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ በሩቅ ያለውን ኮምፒዩተር ገበታ በቅርብ ባለው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ሥዕል ያሳያል። ጸሐፊው በአርባ ምንጭ ሆኖ ፊደል ሲመታ ፊደሉ በሽቦ ተጕዞ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ይመታል፤ የሩቁም ኮምፒዩተር የገበታውን መልክ መልሶ ይልካል። ጸሐፊው ፕሮግራሙን በፊቱ ስላየ በፊቱ ያለ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሩቅ ነው፤ ዩ ኤስ ቢውም የተሰካው በቅርብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «መሣሪያ አልተገኘም» ሲል እውነቱን ነው፤ እርሱ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ የተሰካ መሣሪያ የለም።

ታዲያ የማተሚያው መኪናና የፊደሉ ገበታ ከሩቅ እንዴት ይሠራሉ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ፥ እነዚህ በየቤቱ ያሉ የተለመዱ መሣሪያዎች ስለ ሆኑ ሪሞት ዴስክቶፕ ለእያንዳንዳቸው የተዘጋጀ መንገድ አለው የሚል ነው። ለጣት አሻራ መቀበያ ግን እንዲህ ያለ የተዘጋጀ መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ሠሪ ኩባንያ ለመሣሪያው የራሱን ድራይቨር ያበጃል፤ ድራይቨር ማለት ለኮምፒዩተሩ የመሣሪያውን ቋንቋ የሚያስተረጕም ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው በአርባ ምንጭ፥ አድማጩ በአዲስ አበባ ከሆነ ንግግሩ አይሰማም።

በዚህ ላይ የገመዱ ጠባይ ይጨመራል። ዩ ኤስ ቢ በ1996 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሲወጣ የታሰበው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ላሉ መሣሪያዎች ነው፤ በብዙ ቦታ የሚገኘው የሁለተኛው ደረጃ ገመድ ርዝመቱ ከ5 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል። ኮምፒዩተሩ መሣሪያውን በየሺኛው የሴኮንድ ክፍል፥ በፈጣኑም ደረጃ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጠይቀዋል፤ መልሱንም ወዲያው ይጠብቃል። አሁን ይህ የ5 ሜትር ገመድ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ እንዲዘረጋ ይጠየቃል ማለት ነው። መልእክቱ በሳተላይት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያኽል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፥ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ያልፋል። ግማሽ ሴኮንድ ለሰው ምንም አይደለም፤ በሺኛ ክፍል ለሚቈጥር ድራይቨር ግን ዘመን ነው። የወረዳዎች የመረብ አገልግሎት፥ ወረዳኔት የሚባለው፥ በተጀመረ ጊዜ ወደ ብዙ ወረዳዎች የደረሰው በሳተላይት እንደ ነበረ የቈዩ ሠራተኞች ያስታውሳሉ፤ በደጋው ወረዳ ያለ ጸሐፊ የመሣሪያው ጥያቄና መልስ እየተቋረጠ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ችግር የሚታወቁት መድኀኒቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው የዩ ኤስ ቢውን ንግግር እንዳለ ጠቅልሎ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር ማሻገር ነው። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር በ2011 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከዊንዶውስ 7 ማሻሻያ ጋር አውጥቶታል። ይሠራ ዘንድ በቅርቡ ኮምፒዩተር መምሪያ ላይ የዩ ኤስ ቢ መሣሪያ ወደ ሩቅ እንዲሻገር ፈቃድ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ መሣሪያ መቀበልን የሚከለክል ትእዛዝ ቢኖር ይነሣል፤ የመሣሪያውም ድራይቨር በዚያ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ግንኙነቱን ከመክፈቱ በፊት በሪሞት ዴስክቶፑ መስኮት ውስጥ ስለ ቅርብ መሣሪያዎች በሚናገረው ክፍል ገብቶ የአሻራውን መቀበያ ይመርጣል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል መሣሪያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሳውም በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ድራይቨር ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በቅርቡ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ጫነው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መሣሪያው ወደ ሩቅ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ከቅርቡ ኮምፒዩተር ይጠፋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፥ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ ስለማይገዛ ነው።

ይህ መድኀኒት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ወይም ጥሩ የመስተዋት ሽቦ በተዘረጋበት ከተማ ደኅና ይሠራል። በሩቅ ወረዳ ግን የማይታመን ነው፤ ስለምን እንደ ሆነ ሒሳቡ ያሳያል። የተለመደው መቀበያ በአንድ ኢንች ላይ 500 ነጥብ ያነባል። የመስተዋቱ ስፋት አንድ ኢንች በአንድ ኢንች ቢሆን ሥዕሉ 250,000 ነጥብ፥ ማለት 250 ኪሎባይት ያኽል ይሆናል። በሴኮንድ 256 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር አንዱን ሥዕል ለማሳለፍ ስምንት ሴኮንድ ያኽል ይፈጃል። መሣሪያውም አንድ ሥዕል ብቻ አይልክም፤ ጣቱ መድረሱንና መርጋቱን ለማወቅ ሥዕሉን ደጋግሞ ያነሣል። ስለዚህ ገበሬው ጣቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው «ጫን አድርግ» ይለዋል፤ ጣቱ ይንሸራተታል፤ ሥዕሉም ይበላሻል።

ሁለተኛው መድኀኒት ከመሣሪያው ሠሪ ወይም ከሌላ ኩባንያ የሚገዛ ፕሮግራም ነው። አንዱ ክፍሉ በቅርቡ፥ ሌላው ክፍሉ በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ በሪሞት ዴስክቶፑ ውስጥ የራሱን መንገድ ይከፍታል። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት ሊሆን ስለሚችል፥ ገንዘቡ ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ ሹሙ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛውና የሚበልጠው አሻራውን ጣቱ ባለበት ቦታ ማንበብ ነው። ትንሽ ፕሮግራም በአርባ ምንጭ ወይም በጨንቻ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ሥዕሉን እዚያው ያነሣል፤ ጥራቱን እዚያው ይመዝናል፤ ደካማ ቢሆን እዚያው ወዲያውኑ «ይደገም» ይላል። ከዚያም ከሥዕሉ የጣቱ መስመሮች የሚያልቁበትንና ለሁለት የሚከፈሉበትን ነጥቦች ለይቶ ይመዘግባል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 19794 ክፍል 2 እነዚህ ነጥቦች የሚጻፉበትን ሥርዐት ደንግጓል፤ በዚህ ሥርዐት አንዱ ነጥብ 6 ባይት ያኽል ይይዛል። ሃምሳ ነጥብ ያለው ጣት እንግዲህ ከ400 ባይት አይበልጥም። 250 ኪሎባይት የነበረው ሸክም ወደዚህ ሲወርድ፥ ያው ደካማ መስመር በሴኮንድ መቶኛ ክፍል ገደማ ያሳልፈዋል። በሽቦው ላይ የሚሄደው መሣሪያው ሳይሆን የመሣሪያው ቃል ብቻ ነው። አንድ የጨንቻ ገበሬ ገብሱን ሳይወቃ ከነጭዱ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ እንደማያወርደው ሁሉ፥ አሻራም ከምንጩ ላይ ተበጥሮ ቢላክ ይገባዋል።

ይህ አሠራር በአገሪቱ ውስጥ የታየ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የዐሥሩን ጣት አሻራ፥ የሁለቱን ዐይን ብሌንና የፊቱን ፎቶግራፍ ይመዘግባል፤ ለተመዝጋቢውም ባለ 12 አሐዝ ቍጥር ይሰጠዋል። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት የፕሮግራም መሠረት የመመዝገቢያው ኮምፒዩተር መረብ በሌለበት ቦታ እንኳ እንዲሠራ ተደርጎ የታቀደ ነው። መዝጋቢው ሁሉን በቦታው ያነሣል፤ መዝገቡ በምስጢር ቍልፍ ይታሰራል፤ መስመር ሲገኝ ይላካል። እንዲህ ባለው አሠራር የመስመር መቋረጥ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ገበሬውንም ከደጅ አይመልሰውም።

ሹማምንት በዚህ ነገር የሚኖራቸው ሥልጣን ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያውና ፕሮግራሙ በሚገዛበት ጊዜ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት አቅራቢው አሻራው የሚነበበው በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ሆነ፥ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል፥ የነጥቦቹም መዝገብ በዓለም አቀፉ ሥርዐት የተጻፈ መሆኑን በጽሑፍ ይመልስ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስል፤ መዝገቡ በአንድ ኩባንያ የምስጢር አጻጻፍ የተያዘ ወረዳ መሣሪያው በተሰበረ ጊዜ ከዚያው ኩባንያ በቀር ከማንም ሊገዛ አይችልም፤ አለዚያም ገበሬውን ሁሉ እንደ ገና መመዝገብ ግድ ይሆንበታል። ሙከራውም በአዲስ አበባ ባለ ፈጣን መስመር ሳይሆን በወረዳው ቢሮ፥ በወረዳው መስመር፥ በገበሬ ጣት ይደረግ።

የገበሬ ጣት የተባለበት ምክንያት አለው። የጸሐፊ ጣት ለስላሳ ነው፤ መሣሪያውም በቀላሉ ያነበዋል። በጋሞ ደጋ ግን ድንጋያማውን መሬት የሚቈፍር ሰው፥ እንሰት የምትፍቅ ሴት፥ በዶርዜ ሸማውን የሚሠራ ሸማኔ፥ ሸክላ የምትሠራ ሴት የጣታቸው መስመር በሥራ ብዛት የተፋቀ ሊሆን ይችላል። በእርጅናም ቆዳው እየሳሳና እየደረቀ ይሄዳል። ደረቅ ጣት ሥዕሉን እጅግ የሣሣ፥ በላብ የራሰ ጣት ደግሞ የጠቈረና የተጨማለቀ ያደርገዋል፤ የመጀመሪያው በደጋው ብርድ፥ ሁለተኛው በአርባ ምንጭ ሙቀት ይበዛል። በብርሃን የሚሠራው መሣሪያ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ስለሚታወር በመስኮት አጠገብ ወይም በሰገነት ላይ አይቀመጥ።

ጸሐፊው መስተዋቱን በየጥቂት ሰው መካከል በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፤ የደረቀውን ጣት ትንሽ ያርጥበው፥ የራሰውን ያድርቀው፤ ገበሬው ጣቱን በኀይል ሳይጫን ጠፍጣፋ አድርጎ እንዲያሳርፍ በሚያውቀው ቋንቋ፥ በጋሞኛም ቢሆን፥ ያስረዳው። አውራ ጣት ባይነበብ ሌላው ጣት ይሞከራል፤ በመጀመሪያ ምዝገባ ጊዜ ከአንድ ይልቅ ብዙ ጣት ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጸሐፊው ጥፋቱ የጣቱ ወይስ የመስመሩ እንደ ሆነ ይለይ ዘንድ ይገባዋል። መለያውም ቀላል ነው። ጸሐፊው የራሱን ጣት በዚያው መሣሪያ ላይ ያሳርፍ፤ የእርሱም ካልተነበበ ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። ከዚያም ሪሞት ዴስክቶፑን ዘግቶ በቅርቡ ኮምፒዩተር ላይ ባለው የመሣሪያው መፈተኛ ይሞክር፤ እዚያ ከተነበበ መሣሪያው ደኅና ነው፥ ችግሩ በመሻገሪያው ላይ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ ሠራተኛው በይለፍ ቃል ፋንታ በጣቱ ይገባል። ይህ የኮምፒዩተሩን በር ለመክፈት የተዘጋጀ ስለ ሆነ ከገበሬው መዝገብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እርሱ ይሠራል ማለት የመዝገቡ መቀበያ ይሠራል ማለት አይደለም።

ስለ ጥበቃም መናገር ያስፈልጋል። የጠፋ ቍልፍ ይለወጣል፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ አሻራ ግን ከተሰረቀ የሚተካ ጣት የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል። ስለዚህ የአሻራው ሥዕል በጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ተከማችቶ አይቀመጥ፤ በፍላሽም ከቢሮ ወደ ቢሮ አይዙር። ሪሞት ዴስክቶፑ ለዓለም ሁሉ በተከፈተ መረብ ላይ ያለ መጋረጃ አይተው፤ ቪ ፒ ኤን በሚባለው በተዘጋ መንገድ ብቻ ይከፈት። ጸሐፊውም ሲወጣ መስኮቱን ዘግቶ መሄዱ አይበቃም፤ መስኮቱ ቢዘጋም ሥራው በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ በስሙ ክፍት ሆኖ ሊቈይ ይችላልና ሥርዐቱ በሚያዝዘው መንገድ ከሥራው ይውጣ። አንዱ ጸሐፊ በሌላው ስም መሥራቱ፥ በተለይ በመሬት ጉዳይ፥ የኋላ ክርክር ምንጭ ነው።

መስመሩ ፈጽሞ በተቋረጠ ቀን ወይም ጣቱ በምንም መንገድ ባልተነበበ ጊዜ ባለ ጉዳዩ ባዶ እጁን አይመለስ። ቢሮው ቍጥር ያለው የወረቀት መዝገብ ይኑረው፤ የባለ ጉዳዩ ስም፥ የፋይዳ ቍጥሩ ካለው እርሱ፥ የመጣበት ቀበሌ፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ ጣቱ ያልተነበበበትም ምክንያት ይጻፍበት። ባለ ጉዳዩ በቀለም አሻራውን ያሳርፍ፤ የቀበሌው ሰው ወይም ሌላ የሚያውቀው ምስክር ይፈርም፤ የቢሮው ኀላፊም ያይና ያረጋግጥ። ለባለ ጉዳዩ የመዝገቡ ቍጥር ያለበት ወረቀት ይሰጠው፤ ተራውና የማመልከቻው ቀን ጣቱን ካሳረፈበት ቀን ጀምሮ ይቈጠርለት እንጂ መስመሩ ከተመለሰበት ቀን አይቈጠርበት። ከሳምንቱ ገበያ ቀን በፊት በነበረው ማታ ጸሐፊው በራሱ ጣት አንድ ጊዜ ሙሉውን መንገድ ይሞክር፤ ብልሽት ቢገኝ ለዞኑ የመረጃ ሥራ ክፍል በዚያው ማታ ያመልክት፤ ከደጋው የሚወርዱትም ሰዎች ሳይነሡ በስልክ ለየቀበሌው ይነገር።